በመቅደላ ግርጌ ካለው የአባቴ ማሳ አሮጌ ጥይቶች ይወጣሉ፤ ብረት ጠቋሚ መሣሪያ ይዤ ብሄድ ችግር አለው?

የበሽሎ ልጅ (ጠያቂ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው እንግሊዝ አገር ሲሆን፣ ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የእረፍት ቀኔን የማሳልፈው ገበሬዎችን እያስፈቀድኩ በእርሻ ማሳ ላይ በብረት ጠቋሚ መሣሪያ አሮጌ ሳንቲም፣ አዝራርና ዘለበት በመፈለግ ነው። የትውልድ ቦታዬ ግን ደቡብ ወሎ ነው፤ አባቴ የሚያርሰው መሬት ከመቅደላ አምባ በታች፣ ወደ እሮጌ ሜዳ በሚያዘቀዝቀው በኩል ይገኛል። ልጅ ሳለን ከእርሻ በኋላ ዝናብ ሲጥል ትልሙ ውስጥ ነጣ ያለ ሽፋን የለበሰ እርሳስ እየለቀምን እንጫወትበት ነበር። ዛሬም ይወጣል። የሰፈሩ ልጆች አምባውን ለማየት ለሚመጣ እንግዳ በጥቂት ብር ይሸጡታል፤ የቀረውን አባቴ በቆርቆሮ ጣሳ ያጠራቅመዋል።

እህቴ በስልክ አንስታ ከላከችልኝ ፎቶግራፎች እንደተረዳሁት በጣሳው ውስጥ ሁለት ዓይነት ጥይት አለ። አንደኛው ሙሉ በሙሉ ድብልብል ነው። ሌላው ረዘም ያለ፣ መቀመጫው ወደ ውስጥ የጎደጎደ፣ ወገቡ ላይ ዙሪያውን የተቀረጹ መስመሮች ያሉበት ሲሆን፣ እህቴ በማስመሪያ ለክታ ስፋቱ ከ14 እስከ 15 ሚሊ ሜትር ይሆናል ብላኛለች። ከእነዚህ ሌላ የተጨማደደ ስስ ናስ መሰል ቁራጭ አለ።

በመጪው ጥር፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ አገር ቤት ለመሄድ አስቤአለሁ። ጥያቄዎቼ ሦስት ናቸው። ዕቃዎቹ በእርግጥ የዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ናቸው ወይ? መሣሪያዬን ይዤ ሄጄ በአባቴ ማሳ ላይ ብፈልግ ሕጉ ምን ይላል? በጣሳው ውስጥ ያሉትንስ ምን ብናደርጋቸው ይሻላል? አባቴ በሎሚና በአመድ አሽቶ ሊያጸዳቸው ስለሚፈልግ ምክራችሁን ቶሎ ባገኝ ደስ ይለኛል።

መምህር ዘደላንታ

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት አባትዎ ሎሚውን ይተዉት። ነጩ ሽፋን እርሳሱ በአፈር ውስጥ በቆየባቸው ዓመታት የለበሰው ነው፤ ውስጡን የሚጠብቀውም እርሱ ነው። አሲድ ሲነካው ሽፋኑ ይነሣል፤ በጥይቱ ላይ ያሉት ጥቃቅን ጭረቶችም አብረው ይጠፋሉ። በዚያ ላይ ዱቄቱ መርዛማ ስለሆነ የነካው ሰው እጁን ሳይታጠብ እንጀራ መቁረስ የለበትም።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስመለስ፣ የገለጹት ረዘም ያለ ጥይት የስናድር ይመስላል። ስናድር የእንግሊዝ ጦር እ.ኤ.አ. በ1866 የተቀበለው ከኋላ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው፤ በጦር ሜዳ ለመጀመሪያ ጊዜ የተፈተነውም በዚሁ በመቅደላ ዘመቻ ነበር። የጥይቱ ስፋት ዐሥራ አራት ሚሊ ሜትር ተኩል ያህል ስለሆነ የእህትዎ ልኬት ይስማማል። ስሱ የናስ ቁራጭም የዚያው ጥይት ቀለህ ሊሆን ይችላል፤ የዚያን ጊዜው ቀለህ የሚሠራው ስስ ናስ ተጠቅልሎ ከታች በብረት መቀመጫ ላይ ተያይዞ ስለነበር፣ አፈር ውስጥ ሲቆይ እንደ ወረቀት ይጨማደዳል።

ነገር ግን ከዚህ ተነሥተን ረጅሙ የእንግሊዝ፣ ድብልብሉ የእኛ ነው ብለን መደምደም አንችልም። በስቅለት ዕለት፣ ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ፊታውራሪ ገብርዬ ጦሩን እየመሩ ከፋላ ኮረብታ ወደ እሮጌ ሲወርዱ ከፊታቸው የነበረው ጦር አንድ ዓይነት መሣሪያ የያዘ አልነበረም። ስናድር የያዙት እንግሊዛውያን ወታደሮች ነበሩ፤ ከእነርሱ ጋር የተሰለፉት የፑንጃብ ወታደሮች ግን የያዙት ከአፈሙዝ የሚጎርስና ድብልብል እርሳስ የሚተኩስ አሮጌ ጠመንጃ ነበር። ስለዚህ ድብልብሉ ከሁለቱም ወገን ሊሆን ይችላል። ስናድሩም ቢሆን ከዘመቻው በኋላ ለብዙ ዓሥርት ዓመታት በአገራችን ሰው እጅ ሲዞር የኖረ ጠመንጃ በመሆኑ፣ አንዱ ጥይት ከጦርነቱ ብዙ ዘግይቶ ቆቅ ወይም ድኩላ ሲታደን የተተኮሰ ሊሆን ይችላል። ይህን ሊለይልን የሚችለው ጥይቱ የተገኘበት ቦታ ብቻ ነው፤ በጣሳው ውስጥ የሌለውም ይኸው ነው።

ለንጽጽር አንድ ታሪክ ልጨምር። በአሜሪካ ሞንታና ግዛት፣ እ.ኤ.አ. በ1876 ጄኔራል ከስተር ከነጭፍሮቹ ባለቀበት የሊትል ቢግሆርን ሜዳ ላይ በ1983 የሣር ቃጠሎ ተነሥቶ መሬቱን ገለጠው። በተከታዩ ዓመት የአርኪኦሎጂ ባለሙያዎች ብረት ጠቋሚ ከያዙ በጎ ፈቃደኞች ጋር በመስመር ተሰልፈው ሜዳውን አሰሱት። ድምፅ በተሰማበት ቦታ ሁሉ ትንሽ ባንዲራ ተተከለ፤ እያንዳንዱ ዕቃም ከመነሣቱ በፊት ቦታው ተለክቶ ተመዘገበ። ከዚያ በኋላ የጠመንጃው መምቻ በቀለሁ ላይ የተወውን ምልክት እያነጻጸሩ፣ አንድ ጠመንጃ ከየት ተነሥቶ ወዴት እንደ ተንቀሳቀሰ እስከ መከታተል ደረሱ። ስለ እሮጌ የምናነበው አብዛኛው ዝርዝር የተጻፈው ከአሸናፊው ወገን በመጡ መኮንኖችና ጋዜጠኞች ነው። የገብርዬ ሰዎች እስከ የት ድረስ እንደ ደረሱ፣ የት ቆመው እንደ ተኮሱ የሚመሰክረው የእርስዎ አባት የሚያርሱት አፈር ነው።

የቀድሞ የቅርስ ሠራተኛ

እኔ በወረዳ ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ለረጅም ዘመን ሠርቼ በጡረታ የተገለልኩ ሰው ነኝ፤ ስለ ሕጉ ልመልስ። ሥራ ላይ ያለው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ማንኛውም ሰው ከቅርስ ባለሥልጣኑ ፈቃድ ሳያገኝ ቅርስ መፈለግም መቆፈርም አይችልም። አባትዎ መሬቱን የማረስ መብት አላቸው፤ በውስጡ ያለው ቅርስ ግን የመንግሥት ነው። ስለዚህ መሣሪያ ይዘው ሆን ብለው ቢፈልጉ፣ ማሳው የአባትዎ መሆኑ ፈቃድ አይሆንልዎትም። የተገኘውን ይዞ ያለ ፈቃድ ከአገር መውጣት ደግሞ ራሱን የቻለ ሌላ ጥፋት ነው።

በአጋጣሚ የሚገኝ ቅርስ ግን የተለየ ድንጋጌ አለው፤ የአባትዎም ጉዳይ ከዚህ ይመደባል። መሬት ሲያርስ፣ ቤት ሲሠራ፣ መንገድ ሲቆፍር ወይም በመሰል አጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅና ባለሥልጣኑ እስኪረከበው ድረስ እንደ ተገኘ ጠብቆ ማቆየት አለበት። ባለሥልጣኑም መርምሮ፣ ተረክቦ መመዝገብ ይኖርበታል። በስድስት ወር ጊዜ ውስጥ ይህን ካላደረገ፣ አግኚው ሁኔታውን በዝርዝር ጽፎ ለክልሉ የመንግሥት ኃላፊ በማሳወቅ ከኃላፊነቱ ነጻ ሊሆን ይችላል። ላስረከበ ሰው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውና ያወጣው ወጪ እንዲተካለትም አዋጁ ይደነግጋል። ይህን የሚያውቅ ገበሬ ጥቂት ነው፤ ያልነገርነውም እኛ ነን።

በተግባር እንዲህ ያድርጉ። አባትዎ ለቀበሌው ሊቀ መንበር ይንገሩ፤ ከእርሱ ጋር ወይም በደብዳቤ ለወረዳው ጽሕፈት ቤት ያመልክቱ፤ የደብዳቤው ቅጂ ማኅተም ተመትቶበት በእጃቸው ይቅር። ጥይቶቹ ተቆጥረው፣ ፎቶግራፍ ተነሥተው፣ በቁጥር መረከቢያ ሳይፈረም ከቤት እንዳይወጡ።

ባለ ሦስት ጥማድ

የተከበሩ አባቴ፣ ሕጉን በደንብ አስረድተዋል፤ ነገር ግን ወረቀቱና መሬት ላይ ያለው ነገር ለየቅል ናቸው። በእኛ አካባቢ አንድ ገበሬ የቤት መሠረት ሲያወጣ ያገኘውን የብር ጌጥ በቅንነት አስረክቦ፣ መረከቢያም ሽልማትም ሳያገኝ ቀርቷል፤ ከዓመት በኋላ ዕቃው የት እንዳለ ሲጠይቅ እንኳ መልስ የሚሰጠው አላገኘም። ከዚያ ወዲህ ያገኘ ሰው ሁሉ ዝም ይላል። ደግሞስ ከመቅደላ የተወሰደው ዘውድና ጽዋ ለንደን ውስጥ በመስታወት ተጠብቆ እያየነው፣ ደሃ ገበሬ አንዲት እርሳስ ሸጦ ለልጁ ደብተር ቢገዛ ምኑ ነው ነውር? በእንግሊዝ አገር ግን አግኚው ሚሊዮን ይካፈላል ሲባል እሰማለሁ።

ከሌስተር

የመጨረሻውን ነጥብ ላጥራ፤ እኔም እንደ ጠያቂው በዚህ አገር የምኖርና መሣሪያ የምይዝ ነኝ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ2009 በስታፎርድሺር የእርሻ ማሳ ላይ በብረት ጠቋሚ የተገኘው የአንግሎ ሳክሰን ወርቅ 3.285 ሚሊዮን ፓውንድ ተገምቶ፣ ገንዘቡን አግኚውና የመሬቱ ባለቤት እኩል ተካፍለዋል። ነገር ግን ክፍያው የመጣው ዕቃው በሕግ ከተመዘገበና በሙዚየም ከተገዛ በኋላ ነው። በዚህ አገር እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው ሕግ መሠረት ዕድሜያቸው ከ300 ዓመት የበለጠ የወርቅና የብር ዕቃዎች፣ በአንድ ላይ የተገኙ ሳንቲሞችና መሰሎቻቸው በ14 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው ዳኛ መነገር አለባቸው፤ ከ2023 ወዲህ ደግሞ ከ200 ዓመት በላይ የቆዩና ልዩ ታሪካዊ ፋይዳ ያላቸው የብረታ ብረት ዕቃዎችም ተጨምረዋል። ዝም ያለ ሰው ምን እንደሚገጥመውም ታይቷል፤ በ2015 በሄርፎርድሺር የቫይኪንግ ዘመን ጌጥና 300 ያህል እንደነበሩ የሚገመቱ ሳንቲሞችን አግኝተው ለነጋዴ ያከፋፈሉ ሁለት ሰዎች ረጅም የእስር ቅጣት ተፈርዶባቸዋል። ፍርዱ ሲሰጥ የተገኙት ሳንቲሞች 31 ብቻ ነበሩ። የቀሩት በመበተናቸው ታሪክ ጸሐፊዎች የጠፋባቸውን እስከ ዛሬ ይቆጫሉ።

የለንደኑ ጽዋ ነገር ለእኔም የእግር እሳት ነው። ሆኖም የመቅደላ ዘረፋ ራሱ ለክርክርዎ አይረዳም። እንግሊዞች ከአምባው የወሰዱትን በ15 ዝሆንና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭነው ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ሸጡት፤ ማን ምን ገዝቶ ወዴት እንደ ወሰደ ያልታወቀው ብዙ ነው፤ ዛሬም በየግለሰቡ ቤት በየጊዜው ብቅ ይላል። ልጆቹ ለእንግዳ የሚሸጡት ጥይትም ያው ነው፤ ማሳውን ለቅቆ በማያውቀው ሰው ኪስ ገብቶ ይቀራል። ገበሬው ሽልማቱን አለማግኘቱ ግን በደል ነው፤ እዚህ ላይ ከእርስዎ ጋር ነኝ። እንግሊዝ ውስጥ ሰው የሚያስመዘግበው ጨዋ ስለሆነ ብቻ አይደለም፤ በየክፍለ ግዛቱ ዕቃውን አይቶ፣ መዝግቦ፣ አብዛኛውን ጊዜ ለአግኚው የሚመልስ ባለሙያ ስለተመደበለት ጭምር ነው። ከ1997 ወዲህ በዚህ መንገድ ከአንድ ሚሊዮን ተኩል በላይ ዕቃ ተመዝግቧል።

የአሶሳ አፈር

እኔ የማውቀው የወርቅ ፍለጋ መሣሪያ ነው፤ ስለ ሕጉ አልናገርም። እንግሊዝ ውስጥ የለመዱት ለሳንቲም የተሠራ መሣሪያ በወሎ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደማይሠራልዎት ግን ልንገርዎት። ከባዛልት የወጣ አፈር ራሱ የብረት ማዕድን ስለሚበዛበት መሣሪያው ባዶ መሬት ላይ ይጮኻል፤ ጩኸቱ እንዲቀንስ ሲያደርጉት ደግሞ ዐሥር ሳንቲ ሜትር ላይ ያለችውን እርሳስ ይስታል። በዋልካ አፈር ላይ ሌላ ጣጣ አለ፤ በበጋ ሲደርቅ ክንድ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ ላይ የነበረው ዕቃ ወደ ታች ይገባል፤ ክረምት ሲያብጥ ደግሞ የታችኛውን ወደ ላይ ይገፋል። ስለዚህ በጥልቀቱ ዕድሜውን መገመት አይቻልም።

ከሁሉ የሚብሰው ግን ያልፈነዳ ጥይት ነው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ በወሎ ብዙ ወረዳዎች አልፏል። መሣሪያው የ1860ውን እርሳስና የትናንቱን የእጅ ቦምብ በአንድ ድምፅ ነው የሚነግርዎት። እኔ እርስዎን ብሆን አልቆፍርም።

የበሽሎ ልጅ (ጠያቂ)

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። መሣሪያዬን እዚሁ ትቼ ለመሄድ ወስኛለሁ። አባቴን ትናንት በስልክ አግኝቼ ስለ ሎሚው ነግሬአቸዋለሁ፤ ደብዳቤውንም እህቴ እንድትጽፍ ተስማምተናል። ቦታውን በተመለከተ ከአሁን በኋላ የሚወጣውን ጥይት ከማንሣቷ በፊት በስልኳ ቦታውን እንድትይዝና ፎቶግራፍ እንድታነሣ ልነግራት አስቤ ነበር፤ ይህ እንደ ፍለጋ ይቆጠራል ወይ?

ሌላም ነገር አለ። የአሶሳ አፈር የጻፉትን ሳነብላቸው አባቴ ትዝ አላቸውና፣ ከጎተራው ጀርባ ከድሮ ጀምሮ የተቀመጠ የሁለት እጅ ጭብጥ የሚያህል ድብልብል ብረት እንዳለ ነገሩኝ። አያቴ ከማሳው ድንበር ላይ ያወጡት ነው ይባላል። በአንድ በኩል ቀዳዳ አለው፤ ቀዳዳው በአፈር ተደፍኗል። ልጆቹ ገብስ ሲወቀጥ እንደ መቀመጫ ይጠቀሙበታል።

የቀድሞ የቅርስ ሠራተኛ

በቦታው ላይ ፎቶግራፍ ማንሣትና ቦታውን መያዝ ፍለጋ አይደለም፤ አዋጁ እንደ ተገኘ ጠብቁ ያለውን መፈጸም ነው። እህትዎ በእርሻ ጊዜ የታየውን ብቻ ትመዝግብ፤ ሆን ብላ አትቆፍር። በፎቶግራፉ ላይ ለመጠን ማነጻጸሪያ ማስመሪያ ወይም ሳንቲም ታኑር፣ ቀኑንና የትኛው የማሳ ክፍል እንደሆነ ትጻፍ፤ እያንዳንዱን ጥይት ለየብቻው በወረቀት ጠቅልላ ቁጥር ትስጠው። እርሳስ በዋንዛ ሣጥንም ሆነ በሌላ እንጨት ውስጥ ባይቀመጥ ይሻላል፤ ከእንጨት የሚወጣው አሲድ ቀስ በቀስ ይበላዋል።

የብረቱን ነገር ግን ለወርቁ ባለሙያ እተዋለሁ።

የአሶሳ አፈር

ቀዳዳ ያለው ድብልብል ብረት ከሆነ ድፍን የመድፍ አረር አይደለም፤ በውስጡ ባሩድ የሚሞላበትና በቀዳዳው መለኮሻ የሚገባበት ዓይነት ሊሆን ይችላል። አሮጌ ባሩድ አፈር ውስጥ ረጥቦ ሲደርቅ ኃይሉን ላያጣ ይችላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ የቀሩ እንዲህ ያሉ አረሮች ከመቶ ዓመት በላይ ቆይተው ሲጸዱ ወይም ሲበሱ ሰው ገድለዋል። እዚያው ባለበት ይቅር፤ ማንም አያንሣው፣ አፈሩን ከቀዳዳው አይጎርጉር፣ በአጠገቡ እሳት አይንደድ፤ ልጆቹ ዛሬውኑ ከዚያ ይራቁ። አባትዎ ለቀበሌው የጸጥታ ኃላፊና ለፖሊስ ይናገሩ፤ የቅርሱ ደብዳቤ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

መምህር ዘደላንታ

ይህን ሐሳብ እደግፋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ፖሊስ ሲመጣ አያትዎ ብረቱን ያወጡበትን የድንበር ቦታ አባትዎ በጣታቸው ያሳዩ፤ እህትዎም ቦታውን በስልኳ ትያዝ። ከፋላ አናት ላይ የነበሩት የቴዎድሮስ መድፎች ወደ እሮጌ ሲተኩሱ አረሩ ከእንግሊዞች ራስ በላይ ያልፍ እንደነበር ተጽፏል፤ የአያትዎ ድንበር ከሜዳው በየትኛው በኩል እንደሆነ ብናውቅ አረሩ ከማን ወገን እንደ ተተኮሰ ለመገመት መነሻ ይሆነናል። ቦታውን ካገኙ እባክዎ እዚሁ ይጻፉልን።

የበሽሎ ልጅ (ጠያቂ)

አሁን ደውዬ ነግሬአቸዋለሁ። ልጆቹ ወደ አጎቴ ቤት ሄደዋል፤ አባቴም የጎተራውን ጀርባ በእሾህ አጥረው ወደ ቀበሌ እየወጡ ነው። ድንበሩ፣ እርሳቸው እንደሚሉት፣ ከሜዳው በስተ ደቡብ፣ ወደ ፋላ በሚያወጣው መንገድ አጠገብ ነው። የቦታውን ምልክት እህቴ እንደላከችልኝ አስፍረዋለሁ።